በበረቱ በር የታሰረው ጥጃ፦ ናኖፖር የሚፈልገውን ዲኤንኤ እንዴት ያውቃል?

ጥያቄው የመጣው ፍኖተ ሰላም አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ከምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ወባን የምንመረምረው በማይክሮስኮፕና በአርዲቲ (ፈጣኑ መመርመሪያ ኪት) ነው። ከመስከረም በኋላ ወረፋው አይጣል ነው። አንዳንዴ አርዲቲው ኔጌቲቭ ያለውን ሰው በማይክሮስኮፕ ሳየው ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተውሳክ አገኛለሁ። ሰሞኑን በኬሚካል የተለወጠ ናኖፖር (እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ) ዲኤንኤን እንደሚለይ አነበብኩ። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ዲኤንኤው በቀዳዳው ሲያልፍ ከታወቀ፣ ቀዳዳውን በኬሚካል መለወጥ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ እንደኛ ላለ ቦታ ይሆናል ወይ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ያነሳሽው ጥያቄ የዚህ ሥራ ዋና ጉዳይ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከምታውቂው ልነሳ። የሲቢሲ ማሽን አይተሻል። ብዙዎቹ የደም ሴል የሚቆጥሩት በትንሽ ቀዳዳ እያሳለፉ ነው። ቀዳዳውን ጨዋማ ፈሳሽ ሞልቶታል፤ በፈሳሹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል። አንድ ሴል ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ የፈሳሹን ቦታ ይይዛል። ኤሌክትሪኩም ለቅጽበት ይቀንሳል። ያቺ መቀነስ አንድ ሴል ተብላ ትቆጠራለች። የዘዴው ባለቤት አሜሪካዊው ዋላስ ኩልተር ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1953 ነው።

ናኖፖር ማለት ያው ቀዳዳ ነው፤ በጣም አንሶ። የቀይ የደም ሴል ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ይደርሳል። የጥንዱ የዲኤንኤ ክር ውፍረት ግን 2 ናኖሜትር ብቻ ነው። ከ3 ሺህ እጥፍ በላይ ይቀጥናል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አይበሳም። መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎቹ ከባክቴሪያ ነው የተዋሱት። ስታፊሎኮከስ አውሬስን ታውቂዋለሽ። ቀይ የደም ሴልን በስቶ የሚያፈነዳበት አልፋ ሄሞላይሲን የሚባል መርዝ አለው። መርዙ 7 ተመሳሳይ ቁራጮች ገጥመው የሚሠሩት ቱቦ ነው። ጠባቡ ቦታው 1.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። ነጠላ የዲኤንኤ ክር ያልፍበታል፤ ጥንዱ ክር ግን አያልፍም። በ1996 ካሲያኖዊች፣ ብራንዲን፣ ብራንተንና ዲመር ይህን ቱቦ በቀጭን የስብ ሽፋን ላይ ተከሉት። ከዚያ በጨው ውሃ ውስጥ ቮልቴጅ ሰጡት። ዲኤንኤ በፎስፌቱ ምክንያት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ስለዚህ ወደ ፖዘቲቩ ወገን ይሳባል፤ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ይገባል። በገባ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ሲወርድ አዩ። ለብዙዎቻችን የሙያው በር የተከፈተው በዚያች ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባዶው ቀዳዳ ምን ያውቃል? አንድ ነገር ማለፉን ያውቃል። ምን ያህል እንደዘጋውና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ያውቃል። ማን እንዳለፈ ግን አያውቅም። የዲኤንኤ ክር ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ በሚባሉ አራት ፊደሎች የተጻፈ ነው እንበል፤ 1,000 ፊደል ርዝመት ያለው የወባ ዲኤንኤና 1,000 ፊደል ርዝመት ያለው የሰው ዲኤንኤ ለባዶ ቀዳዳ ብዙም አይለያዩም። ፍጥነቱም አለ። በዚያ የስታፍ ቱቦ ውስጥ አንዷ ፊደል የምታልፈው ከ1 እስከ 10 ማይክሮሰከንድ ባለ ጊዜ ነው። ማንነት ለመጠየቅ ፋታ የለም።

አያቴ ቤት ማታ ከብት ሲገባ ጥጃዎቹ ከበረቱ በር ጎን ይታሰሩ ነበር። በሩ ጠባብ ነው፤ ላሞቹ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። ሌላዋ ላም ጥጃውን ዞር ብላ ሳታየው ታልፋለች። እናቱ ግን ትቆማለች። ታሸተዋለች፤ ትልሰዋለች። ለትንሽ ጊዜ በሩ ይዘጋል። እኔ ከቤት ሆኜ፣ በጨለማ፣ ላሟን ሳላያት፣ በሩ መዘጋቱን ከግርግሩ ብቻ ሰምቼ «የዳልቻው እናት ገባች» እል ነበር። በኬሚካል የተለወጠ ናኖፖር ማለት በሩ ላይ ጥጃ የታሰረበት በረት ነው።

ጥጃው አጭር ነጠላ የዲኤንኤ ክር ነው። መርማሪ ክር እንበለው። ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ብቻ እንደሚገጥሙ ታውቂያለሽ። መርማሪው ክር ለምንፈልገው ዲኤንኤ ተጓዳኝ ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር በኬሚካል ይታሰራል። ያልተጓዳኘ ዲኤንኤ ሲመጣ ሽው ብሎ ያልፋል። ተጓዳኙ ሲመጣ ግን ይያያዛሉ። ቀዳዳው በማይክሮሰከንድ ፈንታ ለብዙ ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ለሰከንዶች ተዘግቶ ይቆያል። ማንነቱን የሚነግረን ይህ ቆይታ ነው።

ይህ በ2001 በተግባር ታይቷል። ሆዎርካ፣ ቼሊና ቤይሊ የስታፉን ቱቦ ወሰዱ። ከ7ቱ ቁራጮች አንዱ ላይ ብቻ ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ አስገቡ። ሲስቲን ሰልፈር አለው። መርማሪ ክሩም ጫፉ ላይ ሰልፈር ነበረው። ሰልፈር ከሰልፈር ተያያዘ። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ጥጃ። ይህን ሥራ አሁንም ደጋግሜ የማነበው በንጽሕናው ነው። ያሳዩት ነገር ትልቅ ነበር፦ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ክሮችን በቆይታቸው ለዩ። ምሳሌ ያደረጉትም ኤችአይቪ መድኃኒትን እንዲቋቋም የሚያደርግ አንድ ለውጥ ነበር።

አንድ ፊደል እንዴት ይታወቃል? ሌላ ላም በጠረን ተሳስታ ጥጃው ጋ ቆም ልትል ትችላለች። ግን ወዲያው ታውቅበታለች፤ ትሄዳለች። የማይገጥም ፊደል ያለበት ክርም እንዲሁ ነው። ይያያዛል፤ ቶሎ ይለቃል። ልዩነቱ የጊዜ ነው። ስለዚህ ጥጃውን በልክ መምረጥ ያስፈልጋል። መርማሪው ክር በጣም ከረዘመ እናቲቱ ከበሩ አትነሳም፤ ቀዳዳው ታንቆ ይቀራል፤ ቀጣዩ አይገባም። በጣም ካጠረ ደግሞ ማንም ማንንም አያውቅም። የሥራው ግማሽ ይህን ልክ ማግኘት ነው ብል አላጋንንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ወይም ሲሊኮን ናይትራይድ በሚባል ጠንካራ ቁስ ላይ የሚበሱ ቀዳዳዎችም አሉ። እንደ ፕሮቲን ቶሎ አይበላሹም፤ የስብ ሽፋንም አይፈልጉም። ከእነሱ መካከል ግድግዳቸው በመርማሪ ክር የተሞላ ረጅም ቱቦዎች አሉ። በ2004 ኮህሊና ማርቲን ከባልደረቦቻቸው ጋር በወርቅ በተለበጡ ቱቦዎች ላይ ራሱ ላይ የሚታጠፍ መርማሪ ክር አሰሩ። የሆነው ሌላ ነበር፦ ተጓዳኙ ዲኤንኤ አልዘገየም፤ እንዲያውም ከሌላው በተሻለ አለፈ። መርማሪዎቹ እየተቀባበሉ አሳለፉት። ከ3 ዓመት በኋላ ኢቅባል፣ አኪንና ባሺር በሲሊኮን ቀዳዳ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ስለዚህ «የተያያዘ ሁሉ ይዘገያል» ብለሽ አትያዢው። አንድ ጥጃና መቶ ጥጃ አንድ ዓይነት በር አይሠሩም።

መለወጥ ሲባል ግን መርማሪ ክር ማሰር ብቻ አይደለም። ቻርጅም ይለወጣል። ኤምኤስፒኤ የሚባል ቱቦ አለ። የሚገኘው ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ላይ ነው፤ የቲቢው ባክቴሪያ ዘመድ መሆኑ ነው። ቅርጹ ለዲኤንኤ በጣም ተስማሚ ነው። ሆኖም ጠባቡ ቦታው በኔጌቲቭ አሚኖ አሲዶች የተከበበ ነበር። ዲኤንኤውም ኔጌቲቭ ስለሆነ ተገፋፉ። ተመራማሪዎች በ2008 እነዚያን አሚኖ አሲዶች ቻርጅ በሌላቸው ተኩ፤ መንገዱ ተከፈተ። ዲኤንኤን ፊደል በፊደል የሚያነቡት የኦክስፎርድ ናኖፖር ኩባንያ ማሽኖችም የሚሠሩት እንዲህ በተለወጡ ፕሮቲኖች ነው። እነሱ በሩ ላይ የታሰረ ጥጃ የላቸውም። ዲኤንኤውን ጎትቶ በዝግታ የሚያሳልፍ ሌላ ፕሮቲን በሩ ላይ ይቆማል፤ ፊደሎቹ በየተራ ይነበባሉ። ማንበብና ማወቅ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ማንበብ ያልጠበቅሽውንም ያሳይሻል። ማወቅ ግን አስቀድመሽ የምትፈልጊውን ብቻ ይነግርሻል፤ በምትኩ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩም ብዙ አይለፋም።

ሲሊኮን ናይትራይድ ላይ የሚደረገው ኬሚስትሪ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግድግዳውን ሲሌን በሚባል ኬሚካል ትቀቢዋለሽ፤ አሚን የሚባል ማያያዣ ቡድን ይወጣለታል። በአሚኑ ላይ መርማሪ ክሩን ታያያዣለሽ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዳዳዎቼ ሁሉ እየተደፈኑ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ አሉኝ። ጊዜው ክረምት ነበር። ችግሩ ሲሌኑ አልነበረም፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። አሚኖ ሲሌን ውሃ ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እንደ ረጋ ሙጫ ይሆናል። 5 ናኖሜትር ቀዳዳ ለመድፈን ብዙ ሙጫ አያስፈልግም። ሲሌኑን የማሟሟበትን ፈሳሽ ከውሃ በደንብ አድርቄ፣ ጊዜውን አሳጥሬ ስሠራ ተስተካከለ። ይህን የማነሳው በጽሑፎች ላይ አንድ መስመር የሆነው ነገር በእጅ ሲሠራ ስንት እንደሚያደክም እንድታውቂው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀጥታ ልናገር፦ ዛሬ ጤና ጣቢያሽ ገብቶ አርዲቲን የሚተካ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ቀዳዳው አይደለም። ዲኤንኤው ወደ ቀዳዳው እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው።

አብረን እናስላ። አንድ ታማሚ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 100 ጥገኛ ተውሳክ አለው እንበል። በማይክሮስኮፕ ጎበዝ ዓይን ታገኘዋለች። ከእያንዳንዱ ተውሳክ አንድ ቅጂ ጂን ብንፈልግ፣ በማይክሮሊትር 100 ሞለኪውል ነው። 1 ፌምቶሞላር ማለት በማይክሮሊትር 600 ሞለኪውል ገደማ ነው። ያንቺ ናሙና ከዚያም ያነሰ ነው። በስታፉ ቱቦ ዲኤንኤው 1 ማይክሮሞላር ሲሆን በሰከንድ የሚገቡት ክሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማይክሮሞላር ከፌምቶሞላር ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ሒሳቡን ስታወርጂው አንዲቱ የወባ ክር ወደ አንዱ ቀዳዳ እስክትገባ የሚያስፈልገው ጊዜ በዓመታት ይቆጠራል። ታማሚው ደጅ ተቀምጦ ነው ይህ ሁሉ።

ሁለተኛው ችግር ግርግሩ ነው። በዚያው ማይክሮሊትር ውስጥ 5,000 ያህል ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ 6 ቢሊዮን ተኩል ገደማ የፊደል ጥንድ ይዟል። የፋልሲፓረም ጂኖም 23 ሚሊዮን ብቻ ነው። ስታባዢውና ስታካፍዪው የሰው ዲኤንኤ ከወባው ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይበዛል። ለቅዳሜ ገበያ በወጣ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው መፈለግ ማለት ነው። መርማሪው ክር ያውቀዋል፤ ግን አጠገቡ እስኪደርስ ሌላው ሁሉ በሩ ላይ ይጋፋል፤ ፕሮቲኑም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

መፍትሔ ፍለጋው ብዙ ነው። ዲኤንኤውን በማግኔት ዶቃ ሰብስቦ ማጠንከር አለ። በአንድ ፈንታ በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች መጠቀም አለ። ዲኤንኤው ያለበትን ወገን ጨው ቀንሶ በማዶ ያለውን መጨመርም አለ፤ ይህ በቀዳዳው አፍ ላይ ያለውን ስበት ያበረታል፤ በ2010 በሲሊኮን ናይትራይድ ቀዳዳ ታይቷል። መርማሪውን ፒኤንኤ ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር መሥራትም ይቻላል። ፒኤንኤ ቻርጅ ስለሌለው ከዲኤንኤ ጋር ሳይገፋፋ ይበልጥ አጥብቆ ይያያዛል። ከሁሉ ቀላሉ ግን አስቀድሞ ዲኤንኤውን ማባዛት ነው፤ በፒሲአር ወይም በአንድ ሙቀት ብቻ በሚሠራው ላምፕ።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ፍርድ ልስጥሽ። ካባዛሽው በኋላ «ወባ አለ ወይስ የለም» ለሚል ጥያቄ ናኖፖር አያስፈልግሽም። የላምፑ ቱቦ ቀለሙን ሲለውጥ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ናኖፖር ድካሙን የሚክሰው የአንድ ፊደል ጥያቄ ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2023 በወጣ ጥናት፣ አማራ ክልልን ጨምሮ ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ 622ኛው ቦታው የተለወጠ የኬልች13 ጂን ተገኝቷል። ይህ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከመቋቋም ጋር የሚያያዝ ለውጥ ነው። አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቷል፤ መነሻው የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። አርቴሚሲኒን ያለበትን ኮአርተም በምትሰጡበት ወረዳ ይህች ፊደል መኖሯን በሰዓታት ውስጥ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ላለው ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለት ጥጃ አስቢ፦ አንዱ ለተለወጠው፣ አንዱ ላልተለወጠው። ቆይታቸውን ታወዳድሪያለሽ።

አርዲቲሽ ኔጌቲቭ እያለ በማይክሮስኮፕ የምታዪው ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ብዙው አርዲቲ ፋልሲፓረምን የሚይዘው ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲኑ ነው። ይህን ጂንና ኤችአርፒ3 የሚባለውን ከውስጣቸው የጣሉ ተውሳኮች በአገራችን ተገኝተዋል፤ አማራ ክልልም ከተጠኑት አንዱ ነው። ያንቺ ሁሉ ታማሚ እንዲህ ነው አልልም። የኪቱ አቀማመጥም፣ የተውሳኩ ማነስም ሊያሳስት ይችላል። ነገር ግን በናኖፖር ብትፈልጊው አንድ ጥንቃቄ አለ። የጠፋ ጂን አይያያዝም። ጥጃው ጋ ማንም ላም ሳትቆም ማደሯ የሚያሳየው እናቱ አለመኖሯን ነው ወይስ ከብቱ ራሱ አለመግባቱን? ስለዚህ የግድ ሌላ ማንኛውም ፋልሲፓረም ያለውን ጂን የሚያውቅ መርማሪ አብሮ መኖር አለበት። የአርዲቲሽን የኮንትሮል መስመር አስታውሺ፤ ሥራው ያው ነው።

የጎጃም አየርም የራሱ ጥያቄ አለው። ቆይታ በሙቀት ይለወጣል። ሙቀት ሲጨምር ክሮቹ ቶሎ ይላቀቃሉ፤ ሲቀንስ ያልተጓዳኘውም ይጣበቃል። ደብረ ማርቆስ በብርድ ማለዳ የተስተካከለ መሣሪያ ዓባይ በረሃ ወርዶ በቀትር ያንኑ አይነግርሽም። ስለዚህ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው መሣሪያ ቢመጣልሽ አትቀበዪው። ኤሌክትሪኩም አለ። የምንለካው በፒኮአምፒር ነው፤ የአምፒር ትሪሊዮንኛ። የግድግዳ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ሲርገበገብ ይህን ትንሽ ምልክት ይበክለዋል። በብረት ሳጥን መሸፈንና በባትሪ መሥራት ይሻላል። መብራት በሚሄድበት ወረዳ ባትሪው ሌላም ጥቅም አለው። የፕሮቲን ቀዳዳዎች ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስለሚፈልጉ የክትባት ፍሪጁን ይጋሩሻል።

ይህን ሁሉ ስል ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ናኖፖር ወደ እርሻችን ከገባ ቆይቷል። ማርፕል የሚባለው ዘዴ ከ2018 ጀምሮ በኢትዮጵያ የስንዴን ቢጫ ዋግ ዝርያ በትንሿ የናኖፖር ማንበቢያ እየለየ ነው። ድሮ ናሙናው ባሕር ማዶ ሄዶ ወራት የሚፈጀው መልስ በቀናት ይገኛል። እዚያም ግን መጀመሪያ በፒሲአር ያባዛሉ። የማንበቢያዋ መጠን በኪስ የምትያዝ ናት፤ ከጎኗ የሚቀመጡት የዝግጅት ዕቃዎች ናቸው ቦታ የሚይዙት። ማንም መሣሪያ ይዞ ቢመጣልሽ ስለ ቀዳዳው ከመጠየቅሽ በፊት «ከጣት ደም እስከ ቀዳዳው ስንት እርምጃ አለ? ማን ይሠራዋል? ሪኤጀንቱ ያለ ፍሪጅ ስንት ቀን ይቆያል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለአሁኑ በእጅሽ ያለ አንድ ሥራ አለ። አርዲቲው ኔጌቲቭ፣ ማይክሮስኮፑ ፖዘቲቭ ያለውን ሰው ሲያጋጥምሽ፣ ከኃላፊዎችሽ ፈቃድ አግኝተሽ፣ ታማሚውንም አስፈቅደሽ፣ ከዚያችው የጣት ደም ሁለት ሦስት ጠብታ በፊልተር ወረቀት ላይ አድርጊ። ከፀሐይና ከዝንብ ጠብቀሽ በደንብ ይድረቅ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምረሽ፣ በሚታሸግ የፕላስቲክ ከረጢት ክተቺው። ስሙን ሳይሆን መለያ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፊበት። ዲኤንኤ በደረቀ ደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ፒሲአር ያለው ላብራቶሪ ሲቀበልሽ ኤችአርፒ2ንም ኬልች13ንም ከዚያች ጠብታ ማየት ይቻላል። ለናኖፖሩ የትኛው ጥጃ በሩ ላይ መታሰር እንዳለበት የሚወሰነውም ከእንዲህ ያሉ ናሙናዎች ነው።